ያረምኩላቸው መልስ

ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው የሚኖሩ ጡረተኛ መሐንዲስ ነበሩ። ጥገኝነት ስጠይቅ ወረቀቴን ሁሉ እያነበቡልኝ፣ ቴርሚን ለሚሉት ለየቢሮው ቀጠሮ አብረውኝ የተመላለሱት እሳቸው ናቸው። ሐምቡርግ የምትኖረው ልጃቸው ደውላ፣ አባቷ ጀርመንኛው እየጠፋባቸው ስለሆነ ነርቭ ሐኪም ዘንድ እንዳስተረጉምላቸው ስትለምነኝ፣ ውለታ መመለሻ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ሐኪሟ ወሩን ጠየቀቻቸው። ወደ እኔ ዞረው «መስከረም መሰለኝ» አሉ። ውጭ በረዶ ይጥላል። እኔ በጀርመንኛ «የካቲት ነው ይላሉ» አልኳት። ቀደም ብላ አምስት ቃላት በቃላቸው አስይዛቸው ነበር፤ ሁለቱን ብቻ አስታወሱ። አራት አድርጌ ተረጎምኩ። አንዱን የተውኩት እንዳይነቃብኝ ነው።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ የመርሳት በሽታን ምልክት በየቀኑ አያለሁ። ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እንደ እሳቸው ያሉ ሰው በእኔ አፍ ሲዋረዱ መስማት አቅቶኝ ነው። ሐኪሟ ለዕድሜያቸው ጥሩ ነው፣ ከዓመት በኋላ ይምጡ አለች። ስንመለስ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ኡባን፣ ውስጥ እጄን ይዘው «አላሳፈርሽኝም፣ ልጄ» አሉኝ።

በዓመቱ ግድም ከቤት ወጥተው ጠፉ፤ ኒድ በሚባለው ሰፈር ወንዙ ዳር ተቀምጠው ተገኙ። በዚህ ጊዜ ልጃቸው ራሷ መጣች። ሐኪሞቹ ከወገባቸው በመርፌ የአከርካሪ ፈሳሽ ቀዱ፤ እንደ ውሃ የጠራ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ውጤቱን ልንሰማ ገባን። በፈሳሹ ውስጥ የአልዛይመር ምልክት ተገኝቷል። ሐኪሟ የአምናውን ወረቀት ገልጣ፣ ያን ጊዜ ደህና እንደነበሩ፣ ያኔ ታውቆ ቢሆን ለበሽታው ጅማሬ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት መሞከር ይቻል እንደነበር ነገረችን።

አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ልጃቸውን እጇን ያዝኳት።

«አምና የመለሱት እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ።»

«ስንቱን?» አለችኝ።

ነገርኳት። እጇን ከእጄ አውጥታ፣ ተመልሼ ለሐኪሟ እንድነግራት አዘዘችኝ። ገብቼ በጀርመንኛ አንድ በአንድ ተናገርኩ። ሐኪሟ ቀና ሳትል ጻፈች፤ ስትጨርስ አመሰገነችኝ። ከስድብ የከበደኝ ያ ምስጋና ነው።

በሚቀጥለው ወር አባቷን ወደ ሐምቡርግ ወሰደቻቸው። እቃ ስንጭን ላነጋግራት ብሞክር መልሷ አጭር ነበር። እሳቸው ግን ሲሰናበቱኝ ሦስቴ ጉንጬን ስመው መረቁኝ። እኔ አሜን ሳልል ሻንጣቸውን አንስቼ መኪናው ውስጥ አስገባሁ።