ጥላዋን ያላስረገጠችው እህቴ

ልጅ ሳለሁ የድሬዳዋ ፀሐይ የዛሬዋ አልነበረችም። የዛሬዋ አርጅታለች። ያኔ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ገና ጉልበቷ ላይ ሳለች፣ የታጠበ ነጠላ ገመድ ላይ ሳይሰጣ እጃችን ላይ እንዳለ ይደርቅ ነበር፤ ከለገሃር እስከ መጋላ በባዶ እግሩ የሄደ ሰው መጋላ ሲደርስ የሚተርፈው ቁርጭምጭሚቱ ብቻ ነበር። ወላሂ አላጋነንኩም። ክርስቲያን ነኝ፤ ነገር ግን ድሬ ያደገ ሰው ያለ ወላሂ አፉ አይፈታም። እንግዲህ በዚያች ፀሐይ ነው እኔ አስካለ፣ ከመጥረጊያ እንጨት የማልወፍር ልጅ፣ ታናሽ እህቴን ጥሩዬን አዝዬ ከተማውን ስዞር የኖርኩት።

ጥሩዬ ጨቅላ ስለነበረች ያዘልኳት እንዳይመስላችሁ። አራት ዓመቷ ነበር። እንደ ፍየል ግልገል የሚዘሉ እግሮች ነበሯት፤ ክብደቷም፣ በተለይ ወደ ማታ፣ ጨው ከጫነ ግመል አያንስም ነበር። አልሄድም የምትለው ለጥላዋ ፈርታ ነው።

እናታችን፣ አባታችን ሸሚንደፈር ሲቀጠር (ባቡሩን ድሬ ላይ እንደዚያ ነበር የምንለው) ከደጋ ተከትላው ስትወርድ ያመጣችው ዕቃ አንድ ሳጥን ነበር፤ ያመጣችው ፍርሃት ግን አንድ ፉርጎ ይሞላል። ከሁሉ የሚብሰው ጥላ ወጊ ነው። ክፉ ሰው የሰውን ጥላ መሬት ላይ በመርፌ ይወጋዋል፣ ወይም አውቆ ይረግጠዋል፤ ባለጥላው ታሞ ይወድቃል። «ጥላችሁን ለሰው አታስረግጡ» ትለን ነበር። እኔ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት። ጥሩዬ ግን አንድም ጠብታ አላፈሰሰችም፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ፀሐይ ላይ በእግሬ አልወጣም አለች።

ብልሃቷ ነበር የሚያንገበግበኝ። ጀርባዬ ላይ ስትሆን የሷ ጥላ የኔ ጥላ ውስጥ ይደበቃል፤ የሚወጋ ካለ እንግዲህ እኔን ይውጋ። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ራሷ አስባ የደረሰችበት ነው። በእግሯ የምትሄደው እኩለ ቀን ላይ ብቻ ነበር፤ ያኔ ጥላዋ እግሯ ሥር ተሸጉጦ ስለሚጠፋ። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ድሬ ውስጥ ዝንብ እንኳ አይበርም። ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲተኛ እህቴ «እታለም፣ አሁን እንሂድ» ትለኛለች።

ነገሩ ቀልድ ይመስል ይሆናል፤ ለኔ ግን የትምህርት ቤት ጉዳይ ነበር። እናቴ ሳይነጋ ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ትሄዳለች፣ አባቴ ከባቡሩ ጋር ይውላል፤ ጥሩዬን የምጠብቀው እኔ ነኝ። እኩዮቼ ፊደል ቆጥረው ንባብ ጀምረዋል፣ እኔ ለእህቴ ጥላ ዘብ ቆሜያለሁ። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ መጋላ ገበያ ሎሚና ቴምር ትሸጥ ነበር፤ ጠዋት ልጆቿን አስከትላ ወጥታ ማታ ትመለሳለች። ጥሩዬን ከልጆቿ ጋር ልታውልልን ፈቅዳ ነበር፤ ግን በእግሯ ከሄደች ነው።

«አቦ፣ ጀርባዬ ላይ አንድ አለ፣ ጭንቅላቴ ላይ ዘንቢል አለ» አለቻት እናቴን። «ያንቺን የት ላድርጋት? ጥርሴ ላይ ላንጠልጥላት?»

አባቴ ፈረደ። «ጥሩወርቅ አሸዋውን በእግሯ ከተሻገረች አስካለ መስከረም ላይ ትገባለች። ካልተሻገረች ለከርሞ።»

ይህችን ለከርሞ አምናም ሰምቻታለሁ። አሸዋው ሰፈራችንንና መጋላን የሚለየው ደረቅ ወንዝ ነው፤ ዝናብ ካልወረደ ውሃ አያይም፤ ሰፊ ነው፣ ራቁቱን ነው፣ አንዲት ዛፍ የለችበትም። ጥላዋን ለምትሸሽግ ልጅ ከዚህ የከፋ ቦታ እግዜር አልፈጠረም።

በቀደም የልጅ ልጄ ልጅ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት «ስለ ብርሃንና ጥላ በጨዋታ እያስተማርን ስለሆነ ባትሪና መስታወት አስይዛችሁ ላኩ» ብላን ነበር፤ እናትየዋ አዲስ ነገር ተገኘ ብላ ተደነቀች። አራት ዓመት ከሞላው ሰው ጋር ስለ ጥላ መከራከር ምን እንደሆነ እኔ በወገቤ ነው የማውቀው።

ያኔ ፀሐይ ስትገባ ሰፈሩ በሙሉ ወደ ውጭ ይወጣል። ቤት ውስጥ ማን ይቀመጣል፤ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። ሰሌንና ጠፍር አልጋ በየደጁ ይዘረጋል፤ ራት የበሰለበት ከሰል ዓመድ ለብሶ በየማንደጃው ያንቀላፋል፤ ከአሸዋው በኩል ትንሽ ነፋስ ሲመጣ ፍሙ አንዴ ዓይኑን ገልጦ ይከድናል። በዚያ ሰዓት ነው ጎረቤታችን አባባ ሙሜ ኖራ የተቀባው ረጅም ግድግዳ ፊት ተቀምጠው ፋኖሳቸውን የሚለኩሱት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለባቡር ፋኖስ ሲያሳዩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ፋኖሷም አብራቸው ጡረታ ወጥታለች። በአንድ ጎኗ ነጭ፣ በአንዱ ቀይ፣ በአንዱ አረንጓዴ መስታወት ነበራት፤ ክሯ ሲያጨስ የጋዙ ሽታ እስከ ጉሮሯችን ይገባል፣ እኛም እንደ ሽቶ እንስበዋለን።

ድሬ ላይ ትልቅ ሰውም «አንተ» ነው የሚባለው። እናቴ ግን ሽማግሌን «አንቱ» ካላልን ጭናችንን በቁንጥጫ ታቀላው ስለነበር አባባ ሙሜን እስከ ዛሬ «እሳቸው» ነው የምላቸው። ጥሩዬን ቁንጥጫም አልመለሳት።

ያን ሰሞን ይተርኩልን የነበረው ከሁርሶ ጣቢያ ያለ ቲኬት ባቡር ስለተሳፈረ ጅብ ነበር። ጣቶቻቸውን አጣምረው ፋኖሱ ፊት ሲያደርጉ ግድግዳው ላይ ጆሮው የቆመ፣ መንጋጋው የሚያኝክ፣ መስጊድ የሚያህል ጅብ ይወጣል። ቲኬት ቆራጩ መጣ፣ የፉርጎውን በር ያዘ፣ ሊከፍተው ሲል ልክ እዚያ ላይ ጥሩዬ ከጭኔ ትነሳለች።

«አንተ አባባ፣ ጅቡ ለምን ትልቅ ሆነ?»

ሌላ ሰው ቢሆን «ዝም በይና ስሚ» ይላል። እሳቸው ግን ጅቡን እዚያው ጥለው ፋኖሱን ያነሳሉ። «ሀዬ፣ ለምን ይመስልሻል? ነይ አብረን እንያዘው።» ፋኖሱ ወደ እጃቸው ሲጠጋ ጅቡ ጣራ ያልፋል፤ ሲርቅ ጥንቸል ያክላል። ከዚያ የሰፈሩ እንጭጭ ሁሉ፣ አፍንጫውን እንኳ መናፈጥ የማይችለው ሳይቀር፣ «እኔ ልያዝ፣ እኔ ልያዝ» ብሎ ይነሳል፤ ግድግዳው በእጅና በጭራ ይሞላል፤ ተረቱ ይቀራል። እኔ የዚያን ጅብ መጨረሻ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያኔ ተናድጄ ሰሌኑን ስነጭ ስነጭ ሰሌን አልባ አደረግኳቸው።

ችግሬን ነግሬያቸው ስለነበር አንድ ምሽት ለጥሩዬ ዘንግ ሰጧት። «ጅቡን ውጊው።»

ወጋችው። ኖራው እስኪረግፍ ወጋችው።

«በይ እጄን እዪው፤ ደም አለ?»

«የለም።»

«እንግዲህ ጥላ ቢወጋ ሰው ያመዋል?»

ጥሩዬ አሰበች። «አንተን አላመመህም፤ አንተ ጅብ አይደለህማ» አለች። «ጅቡን ግን አሞታል። እየው፣ ጠፋ።»

አባባ ሙሜ ኮፊያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። እኔ ራሴን ግድግዳው ላይ ለማጋጨት ቦታ ፈለግኩ።

በማግስቱ ሳፋ ውሃ አስመጡኝና ፋኖሱን ከጎኑ አኖሩ። ጥሩዬ ጎንበስ ስትል መልኳ ውሃው ላይ ወጣ። «በጣትሽ ምቺው» አሏት። መታችው፤ ፊቷ ተበተነ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተመልሶ ተገጣጠመ። «አየሽ፤ መልክሽ ተበታተነ፣ አንቺ ግን ደህና ነሽ። ጥላም እንደዚሁ ነው።» በልቤ፣ በቃ ይህ ይሠራል፣ ደብተሬን ልግዛ አልኩ።

ጥሩዬ ሳፋውን በሁለት እጇ አቀፈችው። «ልጅቷን እንዳትደፉብኝ።»

ያኔ ውሃ ከቦኖ ተሰልፈን በባልዲ ነበር የምናመጣው። እኔ ደግሞ ከጥሩዬ ሌላ ሳፋ ውስጥ የምትኖር ጥሩዬ ተጨመረችልኝ። ውሃው በሙቀቱ በጎደለ ቁጥር እሞላለሁ፤ እግሬን ልታጠብበት ብል ትጮሃለች፤ ትንኝ ሲራባበት እንኳ «ልጅቷ እንስሳ ገዛች» አለችኝ። በመጨረሻ የጎረቤት ፍየል መጥታ ልጅቷንም እንስሳዋንም ጠጣቻቸው፤ የዚያን ዕለት ለቅሶ ጅቡቲ ድረስ ተሰምቷል።

ምዝገባው እየደረሰ ነበር። አባባ ሙሜ ማስረዳቱን ተዉትና የሚያውቁትን ሥራ ያዙ። አንድ ማታ ልጆቹን አንዱን የሌላውን ልብስ ከኋላ እያስያዙ ባቡር አደረጓቸው፤ ራሳቸው ጫፍ ላይ ፋኖሱን ይዘው ቆሙ። ቀይ ሲያዞሩ ባቡሩ ቀጥ ይላል፤ አረንጓዴ ሲያዞሩ ይሄዳል። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ሆኖ ፋኖስ የማያከብር የለም፤ እኛ ሰፈር ሕፃን ከእናቱ ቃል ይልቅ ለቀይ መብራት ይታዘዛል። ጥሩዬ አረንጓዴ ሲወጣ ከሁሉ ቀድማ ሄደች። ጥላዋ ከኋላዋ መሬቱ ላይ ይንከባለላል፣ ሌሎቹ ይረግጡታል፣ እሷ ዞር ብላም አላየችው።

ጠዋት በራፉ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋችልኝ። «ነይ እዘይኝ። አረንጓዴ የለማ።»

አልቅሼ አባባ ሙሜ ዘንድ ሄድኩ። ሳጥናቸውን በርብረው የተሰነጠቀ አረንጓዴ መስታወት አወጡ፤ ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። «አንቺ ከፊት ያዥላት» አሉኝ። «ይህም እንቢ ካለ፣ ወላሂ፣ እኔው አዝላታለሁ።» የራሳቸው ጉልበት ከአልጋ እስከ ደጅ አያደርሳቸውም ነበር።

በምዝገባው ዋዜማ ጠዋት አሸዋው ዳር ደረስን። አዴ ፋጡማ ሕፃኗን አዝላ፣ ዘንቢሏን ተሸክማ፣ ልጆቿን አስከትላ ቆመች። «እንግዲህ እናያለን» አለች። ፀሐይዋ በመጋላ በኩል ፊት ለፊታችን ገና መውጣቷ ነበር፤ የሁላችንም ጥላ ወደ ኋላችን ተዘርግቷል። እኔ አሸዋ እንዳይገባበት ያወለቅኩትን ጫማዬን በአንድ እጄ፣ መስታወቱን በሌላው እጄ ከራሴ በላይ አንስቼ ከፊት ሄድኩ። ያለፉት ግመል ነጂዎች ይህች ልጅ ምን ነክቷት ነው ብለው ዞረው አዩኝ። እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም ነበር።

ጥሩዬ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ድምፅዋን ሰማሁ።

«እታለም፣ መስታወቱም ጥላ አለው። አረንጓዴ ነው!»

እውነቷን ነው፤ አሸዋው ላይ ከኋላዬ አንዲት አረንጓዴ እንጎቻ የምታህል ብርሃን ወድቃ ነበር። ልትረግጣት ዘለለች። እኔ አንድ እርምጃ ሄድኩ፤ እንጎቻዋም ሄደች። ተከተለቻት። እጄ እስኪዝል፣ አንገቴ እስኪጣመም፣ ወደ ኋላዬ እያየሁ መራኋት፤ እሷ እየሳቀች ትዘላለች። ወንዙ መሃል ስንደርስ በድንገት ቆመች። እግሮቿ የኔ ጥላ ላይ ነበሩ፤ አረንጓዴዋን ስታሳድድ ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው ጭንቅላቴንና ትከሻዬን እየረገጠች ነው።

«እታለም» አለች በቀጭን ድምፅ፣ «ረገጥኩሽ። አመመሽ?»

እናንተ እኔን አታውቁኝም። በዚያ ዕድሜዬ ሰው አስደንግጬ መሳቅ ከማር ይጣፍጠኝ ነበር። «ወይኔ ወገቤ!» ብዬ አሸዋው ላይ መውደቅ አፌ ድረስ መጣ። አንዲት ቃል፣ አንዲት ትንሽ ውድቀት፤ እሷን ያዘልኩበትን ቀን ሁሉ የሚክስ ሳቅ። ያን ሳቅ የዋጥኩበት ጉሮሮ እስከ ዛሬ ይከረክረኛል።

«አላመመኝም» አልኩ።

በሁለት እግሯ ሆዴ ላይ ዘለለች። «አሁንስ?»

«አላመመኝም።»

የአዴ ፋጡማን ልጆች ጠራች፤ ሁሉም መጥተው ረገጡኝ፣ ጨፈሩብኝ። አዴ ፋጡማ ዘንቢሏን በአንድ እጇ ደግፋ «አቦ ቶሎ ግደሏትና እንሂድ፤ ገበያው አመለጠኝ» አለች።

ከዚያ ጥሩዬ ትንሽ ርቃ ሄዳ ለብቻዋ ቆመች፤ ፀሐይ ፊቷ ላይ፣ ጥላዋ ከኋላዋ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ። ዓይኗን ጨፈነች። «እታለም፣ አንቺ ብቻ ነይ። የኔን ርገጪ።»

ሄጄ ረገጥኩት። ቀስ ብዬ፣ በባዶ እግሬ፣ ትከሻዋ ካለበት ላይ። ጥቂት ጠበቀች።

«ረገጥሽ እንዴ?»

«ረግጫለሁ።»

ዓይኗን ገለጠች፣ ጥላዋን አየች፣ እኔን አየች፣ መስታወቱን ከእጄ ነጥቃ ልጆቹን ተከትላ ወደ መጋላ ሮጠች። ደህና ዋይ እንኳ አላለችኝም።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ገባሁ። መምህሩ አግዳሚው ላይ አጎንብሼ ስላገኙኝ «ቀና በይ» አሉኝ፤ ቀና አልኩ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ቀና በይ» አሉኝ። ጀርባዬ ሰው እንደሌለበት ለመረዳት ከኔም የዘገየ ነበር።

ስለ ብርሃን ከዚያ ወዲህ ብዙ ተምሬያለሁ፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት የእግሬን መዳፍ ነው። ያን ጠዋት በዚያች ገና ጉልበቷ ላይ ባለች ፀሐይ አሸዋው ከወዲሁ መፋጀት ጀምሮ ነበር፤ የጥሩዬ ጥላ ያረፈበት ቦታ ግን፣ ያች የእፍኝ ልጅ የጣለችው ጥላ፣ ቀዝቀዝ ይላል። እግሬን ቶሎ አላነሳሁም። ያን ሁሉ ጊዜ ፀሐይ ለፀሐይ ስሸከማት እሷም ሰው የምታስጠልል መሆኗን አንድም ሰው አልነገረኝም።