ሳኖበር የተሳሳተበት ምት

ሳኖበር ፀጉር አስተካካይ ነበር። በእኛ መንደር በቱትካሌ ፀጉር አስተካካይ ማለት ፂም የሚላጭ ብቻ አይደለም፤ ልጅ ይገርዛል፣ ለሠርግ ሩዝ ያበስላል፣ ከበሮ ይመታል፣ መርዶ ያዞራል። መሬት የለውም፣ ጠመንጃ የለውም፣ ስለዚህ ደመኛም የለውም። በእኛ በፓሽቱኖች ዘንድ ደግሞ ደመኛ የሌለው ወንድ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከቁጥር አይገባም።

ሕንድንና እኛን ጠረፈኞቹን የሚገዛው እንግሊዝ ከጀርመንና ከጃፓን ጋር ጦርነት ገጥሞ የእኛን ልጆች ለጦር ሜዳ በሚመለምልበት ዓመት፣ መንደራችን ቀይ ለባሽ ሆነ። ቀይ ለባሽ ማለት ሸሚዙን በቀይ ቀለም ነክሮ "ሰው አልገድልም፣ ደም አልመልስም፣ ለማንም ጦርነት አልዘምትም" ብሎ የማለ ሰው ነው። የእኔ ሸሚዝ ቀለሙ አልይዝ ብሎ የሽንኩርት ልጣጭ መሰለ፤ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

አለቃችን ሚራስላም ኻን ነበር። ከአጎቱ ልጅ ከታወስ ጋር ደም ተቃብተው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊገዳደሉ ሲፈላለጉ ኖረው ሁለቱም በአንድ ቀን ማሉ፤ ግን አንዱ በቆመበት ሌላው አይቆምም ነበር። ሳኖበር ሊምል ሲመጣ ሚራስላም ከላይ እስከ ታች አየው።

"አንተ ደግሞ ምን ብለህ ልትምል ነው?"

"አልበቀልም ብዬ ነዋ፣ ኻን ሳሂብ" አለ፤ ጌታዬ እንደ ማለት ነው።

"ማንን?"

ሳኖበር አሰበ፣ አሰበና "ፈልጌ አመጣለሁ" አለ።

በኻኑ የእንግዳ ቤት የተሰበሰበው ወንድ ሁሉ ሻይ እስኪያንቀው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ዛሬ አፍራለሁ። ያም ሆነ ይህ አስማሉት፣ ከበሮውንም ይዞ ከፊት እንዲሄድ አደረጉት።

ያን ጊዜ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ነገር ነበር። ባለሥልጣኖቹ ሰበብ ይፈልጉ ነበር። በጦርነት ጊዜ ከቀይ ለባሾች በኩል አንዲት ጥይት ከወጣች መንደሩን ለማቃጠል ማንንም አይጠይቁም። "ፓሽቱን መሐላ አያውቅም፣ እጁን ተመልከቱ" ይሉ ነበር። እጃችን ደግሞ፣ እውነት ለመናገር፣ ይበላን ነበር፤ ጠመንጃችንንም ገና አልጣልነውም።

በጥቅምት አንድ ጠዋት መልማዮቹ ጠረጴዛቸውን ከሾላው ዛፍ ሥር ዘረጉ። እኛ ስልሳ የምንሆን ሰዎች ማንም ሄዶ እንዳይመዘገብ መንገዱን ዘግተን ተቀመጥን፤ የቀሩት ሸንኮራ እየቆረጡ ነው። ሳኖበር የሰልፉን ምት ይመታል፣ ዱም፣ ዱም፣ ቀስ ብሎ። ነገሩ ሁሉ ያማረ ነበር። ድንገት ሦስት የጭነት መኪና ሙሉ ፖሊስ ዱላውን ይዞ ወረደና ወደ እኛ ሮጠ።

ሳኖበር ደነገጠ። የደነገጠ ሰው ይሮጣል ወይም ይጮኻል፤ ሳኖበር ግን ከበሮ መቺ ነው፣ እጁ ከልቡ ቀደመ። ከልጅነቱ አባቱ ያስተማሩትን የድረሱልኝ ምት መታው።

ያ ምት ሲመታ የእኛ ሰው አያስብም። አባቶቻችን ለወራሪ፣ ለሽፍታ፣ ለጎርፍ ሲጠሩበት የኖረ ነው። ከሸንኮራው ውስጥ፣ ከጣራው ላይ፣ ከመስጊዱ ጓሮ ሰው ፈላ፤ ሁሉም ጠመንጃ ይዟል። አንድ ሽማግሌ ግማሽ ፂሙ ሳሙና እንደሆነ መጣ። ሚራስላም ከምሥራቁ ጥግ፣ ታወስ ከምዕራቡ ጥግ እየሮጡ ደረሱና ጎን ለጎን ቆሙ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ አነጣጠሩ። እኔስ? እኔም መሐላዬን ከነሽንኩርት ልጣጬ ረስቼ የጎረቤቴን ጠመንጃ ነጥቄ ነበር። ልክዳችሁ አልችልም።

ፖሊሶቹ ዱላቸውን ጥለው ጠመንጃ ደገኑ። እንግሊዛዊው መኮንን እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ ካወረደው አለቀልን።

"አንተ የተረገምክ፣ ምን አደረግከን!" አለ ሚራስላም ከአፈ ሙዙ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ።

ሳኖበር ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ከበሮውን አስተካከለና የአታንን ምት፣ የሠርግ ጭፈራችንን ምት፣ ጀመረ።

አታን የሚጨፈረው ክብ ሠርቶ ነው፤ በየዙሩ ይጨበጨባል። ለማጨብጨብ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ያንን ምት ሰምቶ ዝም ብሎ የሚቆም ፓሽቱን እናቱ አልወለደችውም። መጀመሪያ ባለ ሳሙናው ሽማግሌ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ "ያዝልኝ እስቲ" አለና የሚይዝለት ሲያጣ ጠመንጃውን መሬት ላይ አጋደመው። ከዚያ ሌላው። ከዚያ እኔ። ምቱ ፈጠነ፤ አቧራው ተነሳ፤ ሚራስላምና ታወስ በእልህ አንዱ ከሌላው ላያንስ ይሽከረከሩ ጀመር። ከፖሊሶቹ መሃል ሁለቱ የእኛው አገር ልጆች እግራቸው መሬት ይመታ ነበር። ደስታው ልቤን ሊያፈነዳው ደረሰ፤ ከሞት ጋር እየተያየሁ እንዲህ ስቄ አላውቅም።

መኮንኑ እጁን ያወረደው ቀስ ብሎ ነው፤ ኪሱ ከተተው። ግን ሞኝ አልነበረም። እኛ ስንጨፍር ጠመንጃዎቹን አስለቅሞ መኪና ላይ አስጫነ፤ ሰማንያ አንድ ጠመንጃ። አንድ ፖሊስ ከበሮውን በሳንጃ ቀደደው። ሳኖበር በመዳፉ ማጨብጨብ ሲቀጥል ጣቶቹን በዱላ አሉት፤ እሱ ግን መኪናው ላይ እስኪጭኑት ድረስ አላቆመም። ማንም ድንጋይ አልወረወረም።

ሰባት ወር ታሠረ። ሲፈታ ሚራስላምና እኔ እስር ቤቱ በር ድረስ ሄድን። ሁለት ጣቱ አይታጠፍም፤ ከስቷል። ኻኑን ሲያይ መሬት መሬቱን ተመለከተ።

"ኻን ሳሂብ፣ የአያትዎን ጠመንጃ አስበላሁዎት።"

"አስበላኸኝ" አለ ሚራስላም። "መንደሩን በሙሉ ባዶ እጁን አስቀረኸው። እንደ ሴት በምላስ ብቻ ስንጣላ ከረምን።"

"መርዶውን ማን አዞረላችሁ ታዲያ?" አለ ሳኖበር። ሰው ሲገደል በየቤቱ እየዞረ የሚያረዳው እሱ ነበር፤ ከእሱ በፊትም አባቱ። አራት ሬሳ፣ አምስት ሬሳ ያልቆጠረበት ክረምት አልነበረም።

"የወፍጮ ቤቷ አሮጊት ሞተች፤ የእሷን መርዶ ሚስትህ አዞረች።"

"በጥይትስ?"

ሚራስላም ጥምጥሙን አስተካከለ።

"ታወስ እንኳ በሕይወት አለ። ጉንፋን ይዞት ሲያስነጥስ በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁ።"

"በጥይት አንድም?" አለ ሳኖበር።

"አንድም።"