የድጓው ተማሪ የእንግሊዝኛ ፈተና

ጎንደር ለማስተማር የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ሰኞ ነበር። የስምንተኛ ክፍል በር ላይ ቆሜ «ጉድ ሞርኒንግ» ስል ተማሪዎቹ ብድግ አሉ። ግማሾቹ በቁመት የሚበልጡኝ፣ ጢማቸው ያቀመቀመ ጎረምሶች ነበሩ። ጠመኔውን ሳነሣ ሁለት ቦታ ሰበርሁት።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሦስት ዓመት እንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ አጥንቻለሁ። በጃንሆይ ጊዜ ደንቡ የመጨረሻውን ዓመት ከመማራችን በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርደን እንድናገለግል ነበር። እኔ የተወለድሁበት ከተማ ደረሰኝ። ዓመቱ ሲያልቅ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ስለ ሥራዬ ሪፖርት ይጽፋሉ፤ ሪፖርቱ መጥፎ ከሆነ መመለሻ የለኝም።

ከኋላ ወንበር ላቀው የሚባል የጃናሞራ ልጅ ይቀመጣል። ሰባት ዓመት ድጓ ተምሮ ነው ወደኛ የመጣው፤ ክፍል እያጠፈ በሦስት ዓመት ስምንተኛ ደረሰ። አሁንም የሚያድረው ከቆሎ ተማሪዎች ጋር፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥግ ካለች ጎጆ ነው። ስም ስጠራ ሌሎቹ «ፕሬዘንት» ሲሉ እሱ «አቤት፣ የኔታ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሴት የኔታ የት ታይቶ! እኔ ግን ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

ሥራው ከባድ ነበር። በሳምንት አርባ ደብተር በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ። እያነበብሁ ቃል በቃል ሳጽፋቸው ላቀው አንድ ፊደል አይስትም። ጎበዝ አልሁት።

የመንፈቁ ፈተና ደረሰ። «ስለ አንድ ጉዞ ጻፉ» የሚል ጥያቄ አወጣሁ። የላቀውን ወረቀት ሳነብ የማውቀው ነገር ሆነብኝ። የመማሪያ መጽሐፋችንን ዘጠነኛ ምዕራፍ አንድ ኮማ ሳያጎድል ገልብጦታል።

«ላቀው፣ መጽሐፉን የት ደብቀኸው ነበር?»

ደረቱን ነካ። «እዚህ ነው ያለ፣ የኔታ።»

«አታላግጥብኝ!»

«ኧረ በማርያም! የትኛውን ምዕራፍ ልበልልዎ?» አለና ዘጠነኛውን ዓይኑን ጨፍኖ በቃሉ ወረደው።

«ቢሆንም የሰው ቃል ነው። የሰውን ቃል የራስ አስመስሎ መጻፍ ሌብነት ነው» አልሁት፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ ፈረንጅ መምህራችን ይህንኑ እየደጋገሙ ሲነግሩን ኖረዋል። አንድ የክፍል ጓደኛችን በዚሁ ጥፋት ትምህርቱን ሲለቅ አይቻለሁ። እናም ዜሮ ጻፍሁና ወረቀቱን ለዲሬክተሩ ወሰድሁ። የገለበጠ ይባረራል የሚል ደንብ ነበራቸው፤ በዚያው ቀን አባረሩት።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ አባቴ ደጅ ተቀምጠዋል። የሰፈራችን ደብር መሪጌታ ናቸው። የሆነውን ነገርኋቸው፤ ትንሽም ኮራ ብዬ ነበር።

«ልጁ ቅኔ ቤት ገብቷል?» አሉኝ።

«አልገባም፣ አባየ። ድጓ ብቻ ነው የተማረው።»

«እንግዲያ ስሚኝ። ድጓ ቤት ተማሪ አንዲት የዜማ ምልክት ከራሱ ቢጨምር በአለንጋ ነው የሚገረፍ። ቅኔ ቤት ደግሞ የራሱን አዲስ ቅኔ ፈጥሮ መቁጠር አለበት፤ የሰው ይዞ ከቀረበ ያፍራል። ያንቺ ትምህርት የትኛው ቤት እንደሆነ ነግረሽዋል?»

አልነገርሁትም። «ጻፉ» ብቻ ነው ያልሁት። ልጁ በሚያውቀው ታማኝነት ቃሉን ጠብቆ ጻፈ፤ እኔ ሌባ አልሁት።

በማግሥቱ ጠዋት ከትምህርት በፊት ወደ ቆሎ ተማሪዎቹ ጎጆ ሄድሁ። ላቀው ስልቻውን እያሰረ ነው።

«ወዴት ነው?»

«ወዳገሬ ነዋ። ሌባ ከተባልሁ ጎንደር ምን አለኝ?» የስልቻውን ማሰሪያ አጠበቀ። «ሰባት ዓመት ለምኜ በልቻለሁ፣ የኔታ። ሰርቄ ግን አላውቅም።»

እንባዬ ቀደመኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በለኝ» አልሁት።

«ኧረ አይገባም! የኔታ ይቅርታ ይጠይቃል?»

አባቴ ያሉትን ነገርሁት፤ የኔ ክፍል በጽሑፍ ጊዜ ቅኔ ቤት እንደሆነ። ወዲያው ገባው። «ታዲያ ምነው ከመነሻው እንዲህ ባሉኝ!» ብሎ ተቆጣኝ። ከዚያ ስልቻውን መልሶ ፈታ።

ልጁን እንዲመልሱት ዲሬክተሩን ለመንኋቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደንብ ግን ይወዳሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው ካልሽ ጻፊና ፈርሚ። ከሪፖርትሽ ጋር ለዩኒቨርሲቲው ይሄዳል» አሉኝ። የመጨረሻው ዓመቴ በዓይኔ ላይ ዞረ። ጻፍሁና ፈረምሁ።

ላቀው እንደገና ተፈተነ፤ «የራስህን ነገር ጻፍ» አልሁት። ስድስት መስመር ለመጻፍ አንድ ሰዓት ሙሉ አላበው። ግሡ ከባለቤቱ ተጣልቷል፣ ነጥብ የሚባል የለም፤ ነገሩ ግን ይህ ነበር፦ «እናቴ ድጓ ቤት ያለሁ ይመስላታል። ከተውሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ለቄሱ ልጄ ብላ በሶ ትልክልኛለች። በሶውን ስበላ አፍራለሁ። ይህን ለማንም አልነገርሁም።»

ቀይ እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ተቀመጥሁ። ከሃያ አሥራ አንድ ሰጠሁት፤ ሰዋስው ሰዋስው ነው፣ ግን አለፈ። ወረቀቱን ስመልስለት «ይህን እንግሊዝኛ እናትህ አታነበውም። ለፋሲካ ሂድና በአማርኛ ንገራት» አልሁት።

ሄደ። ሲመለስ አላስቻለኝም፤ «ምን አለች?» አልሁት።

«አለቀሰች። ከዚያ “ቄስ ባትሆንም በሶው አይቀርብህም” አለችኝ፣ የኔታ» አለና ፊቱን አዞረ።

ዩኒቨርሲቲ ስመለስ ያ ፈረንጅ መምህሬ የፈረምሁትን ወረቀት አንብበው ቆዩኝ። «ተማሪው ምን ሆነ?» አሉኝ። «ፈተናውን አለፈ» አልኋቸው። ሌላ አልጠየቁኝም፤ ዲግሪዬንም ያዝሁ።

ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ተማሪ ሲያጠፋ መጀመሪያ ያልነገርሁት ነገር ምን እንደሆነ ራሴን እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ አንድ ነገር አገኛለሁ።