መቶ ዓመት የሞላቸው አያ ሰጠኝ

ደርግ ወድቆ የልማት ድርጅቶች ወደ ሰቆጣ መምጣት በጀመሩበት ሰሞን አያ ሰጠኝ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ንብ አናቢ ነበሩ። ቤታቸው ከከተማው መውጫ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር ስለሆነ፣ ድሮ ኑሮ እንዴት ነበር ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ ከሳቸው የሚቀርብ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣው አንዷለም የሚባል የአንድ ልማት ድርጅት ሠራተኛ ነው። አያ ሰጠኝ እውነቱን ነገሩት፤ ክፉም ነበር፣ ደግም ነበር አሉ። አንዷለም አንዲት ቃል አልጻፈም። እሳቸውም ይህን አይተው፣ ከከብት ጋር ከአንድ ኩሬ እንጠጣ ነበር፣ ሳሙና አይተንም አናውቅም ነበር ሲሉ እጁ ደብተሩ ላይ መሮጥ ጀመረ። ሲሄድም አንድ ጄሪካን ዘይት ትቶላቸው ሄደ።

ከዓመታት በኋላ ዮርዳኖስ የምትባል የባህል ባለሙያ ቴፕ ይዛ መጣች። ኩሬውን ሲያነሱባት ፊቷ ጠቆረ። አያ ሰጠኝ ቶሎ ብለው ወደ ማሩ ዞሩ፤ ማር እንደ ውሃ ይቀዳ ነበር፣ ሌባ አይታወቅም ነበር፣ ሰው ሁሉ እየዘፈነ ያጭድ ነበር አሉ። እሷም አዲስ ጋቢ አለበሰቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ሥራቸውን አወቁ። መኪና ሲቆም መጀመሪያ በሩ ላይ የተሳለውን ያያሉ። የውሃ ቧንቧ ከሆነ ድሮ መከራ ነበር፤ መሰንቆ ከሆነ ድሮ ገነት ነበር። እንግዳው ሁሉ የበለጠ ያረጀ ሰው ስለሚፈልግ ዕድሜያቸውም ክረምት በወጣ ቁጥር ሁለት ሦስት ዓመት ይጨምር ጀመር።

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሲገባ ሰቆጣ ላይ ድንኳን ተተከለ። የልማቱም የባህሉም ሰዎች አንድ ላይ ሆነው፣ የመቶ ዓመቱን ለውጥ በዓይናቸው ያዩ አባት ብለው አያ ሰጠኝን ከፊት አስቀመጧቸው። አንዷለም በግራ፣ ዮርዳኖስ በቀኝ ሆኑ። ድምፅ ማጉያው ሲሰጣቸው አያ ሰጠኝ ወደ ግራ አዩ፤ ወደ ቀኝ አዩ።

«ድሮማ» አሉ፣ «ማሩ ሞልቶ ይፈስ ነበር። እኛ ግን በረሃብ እናልቅ ነበር። ሰው ሁሉ ጤነኛ ነበር፤ ልጅ አያድግም ነበር እንጂ።»

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ይኼኔ ለበዓሉ ከፃግብጂ የመጡት ታላቅ እህታቸው እትዬ ለተጊዮርጊስ ከሴቶቹ መሃል ተነሡ።

«አንተ ሰጠኝ፣ አዝዬ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። እኔ ገና ሰማንያ አልሞላኝም። አንተ መቶውን ከየት አመጣኸው?»

ድንኳኑ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሁለቱ ባለሙያዎች ግን ቅር አላላቸውም፤ ከንግግሩ አንዱ ረሃቡን፣ አንዷ ማሩን ወስደው በየሪፖርታቸው አስገቡት።

ሲመለሱ አያ ሰጠኝ አንገታቸውን ደፍተው ከእህታቸው ኋላ ኋላ ይሄዱ ነበር። ቤት ሊደርሱ ሲሉ ፈራ ተባ እያሉ ጠየቋቸው፤ እቤታችን የነበረው በእውነት ረሃቡ ነው ማሩ? ሁለቱንም ደጋግመው ከማውራታቸው የተነሣ የገዛ ልጅነታቸው ጠፍቶባቸዋል።

እትዬ ለተጊዮርጊስ ረሃቡንም ማሩንም ትተው ስለ እሳት አወሩላቸው። ክብሪት ስላልነበረ ማለዳ ማለዳ ከጎረቤት እሳት የሚጭሩት እሳቸው ነበሩ። ፍሙን በገል ይዘው ሲመለሱ፣ የማን ልጅ እንዳመመው፣ የማን ላም እንደወለደች ሰምተው ይመጣሉ። ከተጣሉት ሰው ቤትም ቢሆን እሳት ይጫራል፤ ስለዚህ ኩርፊያ አይበረክትም። በኋላ ሐይደር የሚባሉ ነጋዴ በሱቃቸው ክብሪት መሸጥ ጀመሩ።

«እናታችን በደስታ አለቀሰች» አሉ እትዬ ለተጊዮርጊስ። «ከጎረቤታችን ጋር የተቀያየመችውም በዚያው ዓመት ነው። እስክትሞት አልታረቁም።»

«ታዲያ ክብሪቱ መልካም ነበር ክፉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ክብሪት ነበር።»

እትዬ ለተጊዮርጊስ ሳምንት ሰነበቱ። በዚያ ሳምንት አያ ሰጠኝ ለመጣው እንግዳ ሁሉ አሟቸዋል እያስባሉ፣ ከእህታቸው አጠገብ ተቀምጠው የራሳቸውን ልጅነት እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ሲሰሙ ዋሉ።