የሾፌር ሲጋራ በረዳት አፍ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ በእጄ የገባው ዕቃ ታኮ ነበር፤ መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ከኋላ ጎማው ሥር የሚወሸቅ የእንጨት ሽብልቅ። የመጀመሪያው ሾፌሬ ጋሽ ታረቀኝ ታኮውን አስጨብጠውኝ፣ ይህ ከእጅህ ከተለየ ሁለታችንም ገደል ነን አሉኝ። መኪናው ኤንትሬ የምንለው አሮጌ የጭነት ፊያት ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ ገብስና ስንዴ እንጭናለን፣ ዳባትን አልፈን ደባርቅ ምሳ እንበላለን፣ ከዚያ ሊማሊሞን ወደ ቆላው መውረድ ነው። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው።

ረዳት ለመሆን ምን ምን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ከሌሎች ረዳቶች ጠያይቄ ነበር የሄድኩት። ጆንያ መደርደር፣ ሸራ ማልበስ፣ ገመድ መወጠር። ጎማውን በብረት እየመቱ ድምፁን ማዳመጥ። ራዲያተሩ ሲግል ከወንዝ ውሃ መቅዳት። ሾፌሩ ሲነዳ አለማንቀላፋት፤ ረዳት ካንቀላፋ እንቅልፉ ወደ ሾፌሩ ይጋባል። ይህን ሁሉ አጥንቼ ነው መኪናው ላይ የወጣሁት።

አንዱን ግን ማንም አልነገረኝም። ሊማሊሞ ቁልቁለቱም ኩርባውም አያፈናፍንም፤ የሾፌር አንድ እጅ ከመሪው፣ ሌላው ከማርሹ አይነሣም። ጋሽ ታረቀኝ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ «ለኩስልኝ» አሉ። ሲጋራውን በጣቴ ይዤ ክብሪት ጫርኩበት፤ ጫፉ ጠቆረ እንጂ አልተያያዘም። አፍህ ላይ አድርገህ ሳበው እንጂ፣ ኩራዝ መሰለህ እንዴ ብለው ሳቁብኝ። ሳብኩት። ሳሉ አንጀቴን ሊያወጣው ደረሰ። የነደደውን ተቀብለውኝ መንዳታቸውን ቀጠሉ። ቆላው እስክንደርስ ደጋግሜ ለኮስኩላቸው።

መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ከእሳቸው እኩል አጨስ ነበር። መቼ ጀመርክ ለሚለኝ ሁሉ፣ ማንም ሳያስተምረኝ በራሴ ፍላጎት ነው እል ነበር። ልዋሽ ብዬ አይደለም፤ አምኜበት ነው። ጎረምሳ ልጅ ሌላ ምን ይላል?

ሾፌር ሆኜ አይሱዙ ሲሰጠኝ ረዳቶቼን እንደዚያው አደረግኳቸው። የሙያ ባልደረቦቼ ታውቁታላችሁ፤ ክብሪት ቀርቶ ላይተር ሲመጣም ልማዱ አልቀረም። እንዲያውም ሲጋራውን ራሱ የሚለኩስ ሾፌር ረዳቱ የናቀው ነው ተብሎ ይቀለድበት ነበር። ከእኔ ጋር ሠርቶ ሳያጨስ የወጣ ረዳት አላስታውስም። አንዱንም ግን አጭስ ብዬው አላውቅም። ሰው ሲወቅሰኝ የምመልሰው ይህንኑ ነበር።

አዛናው ከአምባራስ የመጣ የቄስ ልጅ ነው፤ እሱ ራሱም ዲያቆን ነበር። ደባርቅ ሲማር ቆይቶ ትምህርቱን አቋርጦ ነው ወደ እኔ የመጣው፤ አባቱም በሰው አደራ ብለውኛል። ታናሽ እህቱ ደባርቅ ቤት ተከራይታ የምትማረው በእሱ ደመወዝ ነበር። ሲቀጠር ራሱ ነግሮኛል፤ አላወቅኩም ማለት አልችልም። ዕድሜው አሥራ ስምንት። በሥራ እንደ እሱ ያለ ረዳት አላየሁም፤ እሱ የወጠረው ገመድ እስክናራግፍ ድረስ ንቅንቅ አይልም።

መጀመሪያ ሊማሊሞን አብረን ስንወርድ የሲጋራ ፓኮዬን ወረወርኩለትና ለኩስልኝ አልኩት። ፓኮውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ እሠራለሁ። ይሄን ይተዉልኝ፤ ዲያቆን ነኝ።»

«አጭስ አላልኩህም። መብቱ ያንተ ነው፣ ማንም አያስገድድህም» አልኩት። «ካልፈለግህ ደባርቅ ስንመለስ ትወርዳለህ፤ እኔም ሌላ ረዳት እፈልጋለሁ።»

መብቱ ያንተ ነው ስል ደግ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አዛናው ሁለት ሦስት ኩርባ እስክናልፍ ገደሉን ሲያይ ቆየ። ከዚያ አንድ ፍሬ አውጥቶ አፉ ላይ አደረገ፣ ለኮሰ፣ ሳለ፣ ሰጠኝ። አፉን በጃኬቱ እጅጌ ጠረገ። ከዚያ በኋላ ለወራት በለኮሰ ቁጥር አፉን ይጠርግ ነበር። አንድ ቀን መጥረጉን ተወ፤ መቼ እንደተወ ልብ አላልኩም።

በዚያው ሰሞን ዳባት ምሳ ስንበላ እኛ ሾፌሮች ክርክር ገጠምን። ሃያ አንድ ዓመት ላልሞላው ሲጋራ አይሸጥም የሚለው ሕግ ነው ያከራከረን። አንዱ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሚስት የሚያገባ ሰው ሲጋራ ላይ ሲደርስ ልጅ ይሆናል እንዴ ይላል። ሌላው፣ ሃያ አንድም አንሷል፣ ልጆቻችን ሳንባቸው አለቀ ይላል። እኔም አፌን ሞልቼ፣ ሠርቶ የራሱን እንጀራ የሚበላ ሰው ስለ ራሱ ራሱ ይወስን አልኩ። ገበታው ላይ ያለው ሁሉ ልክ ነህ አለኝ። አዛናው ከጎኔ ተቀምጦ ይበላል፤ ቀና ብሎም አላየኝም።

የራሱን ፓኮ ገዝቶ አንድ ፍሬ የጋበዘኝ ቀን ሳቅኩ። አሁን ገና ሾፌር ልትሆን ነው ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት። በሥራ ዘመኔ ከሠራሁት ሁሉ የበለጠ የማፍረው በዚያ ሳቅ ነው። ለጥምቀት አምባራስ ሄዶ ከአባቱ ጋር ታቦት ማጀብ ነበረበት፤ አልሄደም። ሥራ በዛብኝ ብሎ ላከባቸው። ሥራ አልበዛበትም፣ እኔ ራሴ ፈቃድ ሰጥቼው ነበር። ለምን እንደቀረ ሳልጠይቀው ወደ አምባ ጊዮርጊስ ጭነት ይዘን ሄድን።

አባቱ ቄስ መርሻ በገበያ ቀን ደባርቅ መጡ። መኪናው እህል መጋዘኑ ደጃፍ ቆሟል፤ አዛናው ጭነቱ ላይ ወጥቶ ሸራ ያለብሳል፣ ሲጋራው አፉ ላይ ነው። ቄሱ ከታች ቆመው አንጋጠው አዩት። አልጠሩትም፤ ዞሮ እስኪያያቸው ጠበቁ። ሲያያቸው ሲጋራውን ጣለና ወረደ፤ ምን ያደርጋል፣ አይተውታል። ይህን ከማን ተማርከው ብለው በዝግታ ጠየቁት።

«ከማንም አልተማርኩም አባቴ። ራሴ ፈልጌ ነው የጀመርኩት።»

ይህን ሲል ወደ እኔ አላየም። ወደ እኔ የዞሩት ቄሱ ናቸው።

«ወንድሜ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉኝ። «ጨዋ ልጅ ነው ብዬ ነበር ለእርስዎ አደራ የሰጠሁ። እንዲህ ያለ ነውር ይዞ መኪናዎ ላይ ይወጣል ብዬ አላሰብሁም።»

ታላቄ የሆኑ ካህን እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ። እጄን የሸሚዜ ኪስ ላይ ጣል አደረግኩ፤ የራሴ ፓኮ እዚያ ነበር። እውነቱን ለመናገር የሚያስፈልገኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከአፌ የወጣው ግን፣ ወጣትነት ነው አባ፣ ያልፋል የሚል ሆነ። መስቀላቸውን ሲያወጡ ጎንበስ ብዬ ተሳለምኩ። ትንፋሼ ሳይሸታቸው አልቀረም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እፍረቱ መጀመሪያ ያመጣብኝ ቁጣ ነው። በማግስቱ ሊማሊሞ ላይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሲጋራ አፍህ ላይ ካየሁ ከዚህ መኪና ትወርዳለህ አልኩት። የአባቱን ክብር፣ ዲቁናውን፣ ጤናውን እያነሣሁ እንደ ሰባኪ መከርኩት። ምክሬን ሳልጨርስ ግን ሲጋራ አማረኝ፤ እጄም እንደ ልማዱ የተለኮሰውን ሊቀበል ወደ እሱ ተዘረጋ።

አዛናው የተዘረጋውን እጄን አየው።

«ስቀጠር ካልለኮስክ ትወርዳለህ አሉኝ። አሁን ደግሞ ካጨስክ ትወርዳለህ ይሉኛል። ታዲያ እኔ የምወስነው የቱን ነው ጋሼ?»

እጄን ሰበሰብኩ። ሰፋ ያለ ቦታ ስናገኝ ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። አባትህ ፊት ስላዳንከኝ እግዜር ይስጥህ አልኩት።

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም» አለኝ። «ተገድጄ አጨስኩ ማለት አሳፍሮኝ ነው።»

እኔም በራሴ ፍላጎት ነው እያልኩ ስንት ዘመን የኖርኩት ለዚሁ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ያወቅኩትን እሱ በአሥራ ስምንት ዓመቱ አውቆታል። ሥራህ ያንተ ነው፣ ብታጨስም ባታጨስም አትወርድም፣ ሁለተኛም ለእኔ አትለኩስም አልኩት። እውነቱን ለአባትህ ሄጄ ልንገራቸው ብዬም ጠየቅኩት።

«እኔ እነግራቸዋለሁ። ይሄን እንኳ ለእኔ ይተዉልኝ» አለ።

ተውኩለት።

ለፋሲካ አምባራስ ሄዶ ተመለሰ። ምን እንዳላቸው አልነገረኝም። ቄስ መርሻን ገበያ ላይ ሳገኛቸው አሁን እርስዎ ማለቱን ትተው እንደምን ዋልህ ብለው ያልፉኛል፤ ቆም ብለው አያወሩኝም። ልጁ እንደነገራቸው በዚህ አወቅኩ። ልቀየማቸው አልችልም። አዛናው እስከ ዛሬ ረዳቴ ነው። አንዳንድ ቀን ያጨሳል፣ አንዳንድ ሳምንት ጨርሶ ሲጋራ አይነካም። አቆምክ ወይ ብዬ ለመጠየቅ ፊት የለኝም፤ እኔም አላቆምኩም።

ወጣት ስለ ሲጋራ መቼ ራሱ ይወስን የሚለውን ሕጉ በዕድሜ ለክቶታል፤ ይለካው፣ ተቃውሞ የለኝም። ለረዳት ግን ሲጋራ የሚሸጥለት የለም፤ ከሥራው ጋር ነው የሚሰጠው። እምቢ ቢል በማግስቱ ሥራው ላይ የማይገኝ ሰው፣ ዕድሜው ስንትም ቢሆን፣ እሺ ሲል ወሰነ አይባልም። ረዳት ያላችሁ ሾፌሮች፣ ሲጋራ ካማራችሁ መኪናውን አቁሙ፣ ውረዱና ራሳችሁ ለኩሱ።