ግማሽ በቅሎ

ሦስት ዓመት ሙሉ ፊቱን አይቼው ለማላውቅ ሰው ባለዕዳ ነበርን።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ባለቤቴ ያን ጊዜ ለነጋዴ በቅሎ ነጂ ሆኖ ይሠራል። ከመቱ ቡና ይጭንና በጎሬ በኩል ጋምቤላ ወደብ ይወርዳል፤ ሲመለስ ጨው ያመጣል። አንድ ጊዜ ለጉዞው አንድ በቅሎ ጎደለችውና ከሶር ወንዝ ማዶ ከሚኖር ገበሬ ተዋሰ። ገበሬው ዋስ ጥራ አላለውም፤ ወረቀትም አላጻፈውም። በቅሎዋ ገና ስድስት ዓመቷ ነበር። ቆላ ስትደርስ ገንዲ ያዛት፤ የቆላ ዝንብ የሚያመጣው በሽታ ነው። ሲመለሱም ዳገቱን ሳትጨርስ ሞተች።

በእኛ አገር የተዋሱት ከብት መንገድ ላይ ከሞተ፣ ሸጦት ነው እንዳይባል ከአካሉ ምልክት ይዞ መመለስ ግድ ነው። ባለቤቴ ጆሮዋን ቆርጦ በጨው አሸና ለገበሬው ወሰደለት። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። በበሽታ መሞቷን አመኑ። ያም ሆኖ ከቤቷ ያወጣት እሱ ነውና የዋጋዋን ግማሽ ይክፈል ብለው ፈረዱ። መቼ ልክፈል ብሎ ቢጠይቃቸው፣ እግዚአብሔር ሲሰጥህ አሉት። በዚሁ ተነሡ።

ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ መንገድ አልወጣም። በአንድ ነጋዴ የቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ያዥ ሆኖ ገባ። እኔ ጥጥ እፈትላለሁ። መቱ ከተማ፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ከሁለት ልጆቻችን ጋር እንኖራለን። የቤቱ ባለቤት ግድግዳው ይፈርሳል ብሎ ምስማር መምታት ከልክሎን ነበር። የእመቤታችንን ሥዕል የማኖራት ሣጥን ላይ አስደግፌ ነው። ልጆቹ ሲሮጡ ትወድቃለች፤ አንሥቼ ስሜ እመልሳታለሁ።

ሦስት ዓመት አጠራቀምን። ከዚያ የከተማው ማዘጋጃ ቤት በአዲሱ መንገድ ዳር ቦታ ሲመራ ስማችን ወጣ። ደስታዬን ምን ብዬ ልናገር። ነገር ግን ሁለት ግዴታ ነበረበት። ጣሪያው ቆርቆሮ መሆን አለበት፤ ደግሞም ክረምት ሳይገባ ካልተከደነ ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ያለን ገንዘብ ወይ ለሁለት ክፍል ቆርቆሮ ይበቃል፣ ወይ ለበቅሎዋ ግማሽ ዋጋ። ለሁለቱም አይሆንም።

ባለቤቴን ምን ይሻላል ብዬ ጠየቅሁት። ያጠራቀምሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው ወስኚ አለኝ። በቅሎዋ ከተነሣች ወዲያው ከቤት ይወጣል። ስለ ሰውየው ያወራልኝም ትንሽ ነበር፤ ዝምተኛ ነው፣ ንብ ያነባል፣ በቃ።

እኔ ቤቱን ፈልጌ ነበር። አልደብቅም። ዕዳው ቀን አልተቆረጠለትም፤ ቦታው ግን ተቆርጦለታል እያልኩ ለራሴ እከራከር ነበር። ክርክሩ ደግሞ ትክክል ይመስላል። ሆኖም ጸሎት ላይ ስቆም አንድ ነገር ይመጣብኛል። ይህ ሰው ለምንድን ነው መጥቶ የማይጠይቀን? መቱ ለገበያ ይወጣል አይደል? ባለቤቴ የት እንደሚሠራ ያውቃል አይደል? ሀብታም ይሆን? ረስቶት ይሆን? ወይስ ተቀይሞን? ጥያቄው እየቆየ ከዕዳው በላይ ያሳስበኝ ጀመር።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ቤቱን ብናስቀድም ኃጢአት ይሆንብን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አይሆንም ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ሰውየው እንዴት ነው የሚኖረው?» አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው።

«ልጆች አሉት?»

እሱንም አላውቅም።

«ታዲያ ልጄ፣ አይተሽው የማታውቂውን ሰው እኔ በምን አውቄ ልፍረድበት?»

ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ በማክሰኞ ገበያ ቀን፣ ልጆቹን ለጎረቤት ሰጥቼ ተነሣሁ። ገንዘቡን መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኩት። ልስጠው አልስጠው ገና አልወሰንኩም። ከገበያተኛ ጋር ልሂድ ብዬ ከሰዓት በኋላ መንገድ ገባሁ።

ከከተማው ወጣ እንዳልኩ አንዲት ሴት ደረስኩባት። ጆንያ ጀርባዋ ላይ በጠፍር አስራ ጎንበስ ብላ ትሄዳለች። ጨው መስሎኝ ነበር። በኦሮምኛ ሰላም ብያት ስጠይቃት ቡና ነው አለችኝ፤ ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል። ሰው ቡና ወደ ገበያ ይወስዳል እንጂ ከገበያ ይዞ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። ምን ሆነሽ ነው አልኳት። ከሰዓት በኋላ ነጋዴዎቹ ዋጋ እንደሚጥሉ ነገረችኝ። ሩቅ አገር ያለ ሰው ሸክሙን መልሶ እንደማይሸከመው ያውቃሉ። ሌላ ጊዜ እሷም በጣሉት ዋጋ ሸጣ ትመለሳለች። ዛሬ ግን ተናደደችና ተሸክማ መጣች።

ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። በቅሎ የሞተችበት ሰው ቤት አልኳት።

ቆመች። ዞር ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«እኔ ቤት ነው። አሁን ደግሞ ምን ገደላችሁብን?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን ሳቀች። የሚዛኑ ሰው ሚስት መሆኔን አውቃለች። ባለቤቴን በየገበያው ታየዋለች፤ እሱ ግን ቀና ብሎ አያያትም። ቡናዋን ይመዝናል፣ ኪሎውን ይናገራል፣ ዓይኑ ግን ከሚዛኑ አይነሣም። «ሚዛኑ ልክ ነው» አለች። ይህን ለእሱ ብላ ይሁን ለእኔ አላወቅሁም።

ጆንያውን እስከ ወንዙ ልያዝልሽ አልኳት። እምቢ አለች፤ ኋላ ተወችልኝ። ውሃም እንጨትም ተሸክሜ ያደግሁ ነኝ። ሶር ዳር ስንደርስ ግን ጠፍሩ ትከሻዬን በልቶት ነበር። በቅሎዋ ከሞተች ወዲህ ይህን መንገድ ስንት ጊዜ እንደሄደችው በልቤ ማስላት ጀመርኩና ተውኩት።

ቤታቸው ስንደርስ ሰውየው በራፉ ላይ ቀፎ ያስራል። ጎልማሳ ነው፤ ጺሙ ሸብቷል። ሚስቱ ማን እንደሆንኩ ነገረችው። ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። አምስት ልጆች ነበሯቸው። ያን ቀን ስለ በቅሎዋ ማንም አላነሣም። የመንገዱን፣ የዝናቡን፣ የልጆቼን ዕድሜ ጠየቁኝ።

ጠዋት ሚስቱ ወተት ይዛ መጣች። ረቡዕ መሆኑን ነገርኳት። መለሰችውና የተቀቀለ ጎደሬ በጨው አመጣችልኝ። እሱን ከበላሁ በኋላ መቀነቴን ፈትቼ ገንዘቡን በእኔና በሰውየው መካከል አስቀመጥኩት። ለምን እንዳስቀመጥኩት ዛሬም በደንብ አልገባኝም። ከትከሻዬ ሕመም ይመስለኛል።

አልነካውም።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«የግማሽ ዋጋዋ ነው ኦቦ።»

ገንዘቡን አየው፤ ሚስቱን አያት።

«ግማሽ በቅሎ ምን ትጭናለች?»

ሚስቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እሱ እየቀለደ አልነበረም። ነገሩን አስረዳኝ። ገንዘቡን ቢቀበለኝ መጀመሪያ ግብር ይከፍላል፤ የተረፈው ለልጆቹ ልብስ ይሆናል፤ በቅሎ ግን አይሆንም። ሽማግሌዎቹ የፈረዱለት ግማሽ መሆኑን ያን ቀን እያወቀ ዝም ያለው ለዚህ ነበር። ግማሹን ይዞ ምን ያደርጋል? መጥቶ ያልጠየቀንም ለዚሁ ነው። ስንት ቀን ስገምት የከረምኩት ነገር መልሱ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አስገረመኝ።

ባለቤቴ ሌላውን ግማሽ ወደፊት ይጨምር ይሆናል አልኩት። ከየት አምጥቶ ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ልናገር ያላሰብኩትን የቦታውን ነገር ተናገርኩ። ቆርቆሮውን፣ ክረምቱን፣ ተራ የሚጠብቀውን ሰው፣ ሁሉንም።

እንዲያ ስለው ፊቱ ተለወጠ። ቀፎውን አስቀምጦ ቀረብ አለና ይጠይቀኝ ጀመር። ከገበያው ምን ያህል ይርቃል? በሩ ወደየት ይከፈታል? መሬቱ ውሃ ይቋጥራል? ቆጥ ይኖረዋል? ገና ያልቆመ ቤት እንዲህ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። የጥያቄዎቹን ግማሽ መመለስ አልቻልኩም፤ ቤቱን እኔ እንደዚያ አስቤው አላውቅማ። ከሚስቱ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ ተነጋገሩ። እሷ «ንገራታ» አለችው።

«ቤቱን ሥሩት» አለኝ። «ለቡናችን ቦታ ስጡን። ዋጋ ሲጥሉባት እናንተ ዘንድ ታሳድረው። ተሸክማ አትመለስ።»

«እስከ መቼ?»

«የሞተችው በቅሎ ብትኖር እስክታረጅበት ጊዜ።»

ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም።

ቶሎ እሺ አላልኩትም። ሁለት ክፍል ነው የምንሠራው፤ አንዱ ለልጆቹ ነበር። ከዚያ የባሰ ደግሞ ነበር። ባለቤቴ እንጀራውን የሚበላው ከነጋዴው ነው። ገበሬው ቡናውን አሳድሮ ዋጋ ከጠበቀ ነጋዴው ይጎዳል፤ የሚያሳድርለት የገዛ ሚዛን ያዡ መሆኑን ቢሰማ ከሥራው ሊያወጣው ይችላል። ይህንንም ሳልደብቅ ነገርኩት። ባልሽን ጠይቂው አለኝ። ገንዘቡን መልሼ ቋጥሬ ተመለስኩ።

ባለቤቴ ሁሉንም ሰማኝ።

«ሰደበኝ?» አለ በመጨረሻ።

«አልሰደበህም። ግማሽ በቅሎ ምን ትጭናለች ነው ያለው።»

ነጋዴው ቢሰማስ አልኩት። «ይስማ» አለ።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቆ ብቻውን ሶር ሄደ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዞር ብሎ የሚያልፈው መንገድ ነበር። ስምምነቱን በእነዚያው ሽማግሌዎች ፊት ጨርሶ ተመለሰ። በዚያው ሳምንት ቆርቆሮውን ገዛን።

ግድግዳውን ጎረቤት በደቦ አቆመልን። እኔ ጭቃ ረገጥኩ፣ ልጆቹም ረገጡ። ጣሪያው የተመታው ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ለበር የሚሆን ገንዘብ ስላልተረፈን ሰሌን ሰቀልን። በቀኝ በኩል ያለው ክፍል ውስጥ ባለቤቴ ጠንካራ ቆጥ ሠራ። ልጆቹ ከእኛ ጋር ተኙ። አምላኬን አመሰገንኩ፤ ቤት ስለሰጠኝ ብቻም አልነበረም።

ነጋዴው መስማቱ አልቀረም። አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት «አንተ የማን ሚዛን ያዥ ነህ? የእኔ ወይስ የእነሱ?» ብሎ ተሳለቀበት። ባለቤቴ ጌታዬ ኪሎው ጎድሎብዎት ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ጎድሎበት አያውቅም። ጥቂት ሳምንት አኩርፎት ከረመ፤ ከሥራው ግን አላወጣውም። ለምን እንዳላወጣው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ቡናው በየዓመቱ በመከር ጊዜ ይመጣል። እጄን ጆንያ ውስጥ ከትቼ የደረቀውን ካልደረቀው መለየት ከሴትየዋ ተማርኩ። በአራተኛው ዓመት በቅሎ ገዙ፤ ሙሉ በቅሎ። እንዲያም ሆኖ ጆንያው መምጣቱን አልተወም። ዕዳችን አላለቀም ወይ ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋት። «በቅሎዋን ጠይቂያት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጠይቄ አላውቅም።

ብዙ ጊዜ የማስበው ግን መጀመሪያ የመጣችበትን ቀን ነው። ክረምቱ አልፎ የአዲሱ ቡና የመጀመሪያ ገበያ ነበር። እንደተለመደው ከሰዓት በኋላ ዋጋ ጣሉ። ባለቤቴ ለምሳ ዘግይቶ መጥቶ እየበላ ነው። ሰሌኑ ገለጥ አለና ሴትየዋ ከነሸክሟ ደጃፉ ላይ ቆመች። ከቤት የሚወጣ መስሎኝ ነበር። እጁን ሳይታጠብ ተነሣ፣ ጠፍሩን ከደረቷ ፈታ፣ ጆንያውን በገዛ ጀርባው ተቀበለ።

እሷ ወገቧን እያቀናች አየችው።

«በቅሎዬ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አለችው።

ባለቤቴ ከነጆንያው ጎንበስ እንዳለ ሳቀ። ሲስቅ ከሰማሁት ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከዚያ ቡናውን ይዞ ወደ ቆጡ ወጣ።