በፍሬው ክፍል የሚያድረው ሳይክል

ጋሼ ገብረሕይወት መኪና መንዳት ከተዉ ሁለት ዓመት አለፋቸው። እኔ ከሥር፣ የቤዝመንታቸው ተከራይ ነኝ፤ ብዙ አላውቅም፣ ያየሁትን ነው የምጽፈው። በዝናብ ወደ ሥራ ሲሄዱ መኪናቸው ሃይዌይ ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ። አጠገባቸው የነበረው ፍሬው፣ የባለቤታቸው የእትዬ አበዛሽ ታናሽ ወንድም፣ እዚያው ሞተ። ፖሊስ ጥፋት አላገኘባቸውም። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጡም።

ሥራቸው ዲኬተር ከተማ የሆስፒታል አንሶላ ማጠብ ነው። ቲጂ የምትባል የሥራ ጓደኛቸው በመኪናዋ ራይድ ትሰጣቸው ነበር፤ ራቅ ብላ ስማይርና ቤት ገዝታ ስትሄድ ያ ቀረ። ከምንኖርበት ከአቮንዴል እስቴትስ ዲኬተር ሩቅ አይደለምና የኤሌክትሪክ ሳይክል ገዙ። ሻጩ የነገራቸውን ሁሉ ጽፈው ፍሪጁ ላይ ለጠፉት። ዝናብ አይንካው፣ ሙቀት አያግኘው፣ ሲሞላ ከሶኬት ይነቀል፣ ጎማው በየሳምንቱ ይታይ።

ጋራዡ በሰመር ሙቀት ምድጃ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ የሚባለው የፍሬው ክፍል ብቻ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም።

"እዚያስ አልገባም" አሉ ጋሼ።

"ታዲያ ሳሎን ልታቆመው ነው? እንግዳ ሲመጣ ፈረስ ገዛን ልበል?" አሉ እትዬ አበዛሽ። "ግባ። የሚነክስህ የለም።"

ከማስገባታቸው በፊት ግን እትዬ አበዛሽ እንደ አዲስ መኪና ጠበል ልርጨው አሉ። መርጨትስ ባልከፋ፣ ጠርሙሱን ገለበጡት። ባትሪው በሚሰካበት በኩል ሲንቆረቆር አየሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ በሰው ነገር ምን ጥልቅ አደረገኝ ብዬ።

ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነካው የሳይክሉ መብራት ቦግ ይል፣ ይጠፋ ጀመር። ጋሼ ወደ ሻጩ አልወሰዱትም። እንዲያውም ከሥራ ሲመጡ እራት ሳይበሉ እዚያ ክፍል ይገባሉ። ሰንሰለቱን ሲወለውሉ አንድ ሰዓት ይቆያሉ። ክፍሉ ከራሴ በላይ ስለሆነ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ቃሉ አይለይም። የሆነ ነገር ይላሉ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ይላሉ፣ ደግሞ ይቀጥላሉ። እኔ ፈርቼ ሬዲዮ እከፍታለሁ።

አንድ ሐሙስ አመሻሽ ላይ የተዋስኩትን ድስት ልመልስ ወጣሁ። የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። እትዬ አበዛሽ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ጋሼ ጨርቅ ይዘው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የሳይክሉ መብራት ቦግ አለ።

"ፍሬው ይሰማኛል" አሉ። "አበዙ፣ ስጠራው በመብራቱ ይመልስልኛል።"

እትዬ አበዛሽ ግድግዳውን ያዙ። ያኔ ነው የተናገርኩት።

"ጠበሉ ነው እኮ፣ እትዬ። ውሃ ገብቶበት ነው። ያን ቀን አይቻለሁ።"

ጋሼ ቀና አሉ። "ውሃ ነው?"

ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ገና መርዶ እንደተነገረው ሰው ሆኑ።

"ምንድን ነበር የምትለው ለሱ?" አሉ እትዬ አበዛሽ።

"ምንም።"

"ለሱ ያልከውን ለኔ ንገረኝ፣ ገብሬ።"

ጨርቁን አጠፉት፣ መልሰው ዘረጉት። "ዳር ያዝ፣ ዝናቡ ይለፍ ብሎኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ነው ያለኝ። ሥራ ይረፍድብኛል ብዬ አላቆምኩም።"

እትዬ አበዛሽ አላለቀሱም። ገብተው የወንድማቸውን ብርድ ልብስ ከአልጋው ላይ ሰበሰቡ። "ሳይክሉ እዚሁ ይደር" አሉ። "ሥራህን ማጣት የለብህም። አንተ ግን ሁለተኛ እዚህ እንዳትገባ። እኔ አወጣልሃለሁ።"

በማግስቱ ሳይክሉ ሻጩ ዘንድ ሄዶ ተሠራ። ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ፤ እንጃ።

አሁን ማታ ማታ ሳይክሉን ተረክበው የሚያደርቁት፣ ጎማውን የሚያዩት፣ ቻርጅ የሚያደርጉት እትዬ አበዛሽ ናቸው። ጠዋት እየገፉ ያወጡታል። ጋሼ ሄልሜታቸውን አድርገው ኮሪደሩ ላይ ይጠብቃሉ። እጀታውን ሲቀባበሉ እጃቸው እንዳይነካካ ሁለቱም ይጠነቀቃሉ።